«ምንም አይልም» ብዬ የሞላሁት ክፍል

ቅዳሜ፣ ሜይ 4

ሼፊልድ ሄጄ የልጄን የናኦሚን ቧንቧ ሠራሁላት። ጎሚኒው አልቆ ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ያድራል። እሷ አልነገረችኝም፤ ባለፈው ሳምንት ለመደርደሪያው ሄጄ ሳለ ራሴ ነኝ የሰማሁት። ጎሚኒ ሼፊልድም ይሸጣል፣ አውቃለሁ። ግን ምን ዓይነት ጎሚኒ እንደሚሸጡ አይታወቅም፤ ከባርንስሊ ይዤ ሄድኩ።

ልጄ የምትኖርበት አንቪል ሃውስ ለተማሪ ተብሎ የተሠራ ሕንፃ ነው። ከታች የሚያብረቀርቅ እንግዳ መቀበያ፣ ከላይ እንደ ቀፎ የተደረደረ ክፍል። በሩ ሁሉ በራሱ ይዘጋል፤ መስኮቱ ሁሉ የመዳፍ ስፋት ያህል ብቻ ይከፈታል፤ ወጥ ቤቱ የጋራ ነው። በር የከፈተችልኝ ካሪስ ናት፤ የናኦሚ ጎረቤት፣ የዌልስ ልጅ፣ አፏ ሥራ የማይፈታ።

«ናኦሚ! አባትሽ ከነመሣሪያ ሳጥናቸው መጥተዋል!»

«አባዬ፣ ባለፈው ሳምንት መጥተህ ነበር እኮ።»

«ባለፈው ሳምንት ለመደርደሪያው ነው። ይሄ ቧንቧ ነው።»

«ፈተና አለብኝ።»

«አንቺ አጥኚ። እኔን እንደሌለሁ ቁጠሪኝ።»

ቱቦ በመዶሻ የሚያንኳኳን ሰው እንደሌለ መቁጠር ከባድ መሆኑ የገባኝ ባቡር ውስጥ ነው።

የድሮውንና የአዲሱን ጎሚኒ ፎቶ ለወይዘሮ ስታኒፎርዝ ላክሁላቸው። እሳቸው በጸሎት ቤታችን የሻይና የአበባ ኃላፊ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗል። የሠራሁትን ሁሉ፣ ከመሠራቱ በፊትና በኋላ፣ እንድልክላቸው የጠየቁኝ ራሳቸው ናቸው። «ጎሚኒ እንዲህ ያምራል እንዴ!» ብለው መለሱልኝ። ለዕውቀት ፍላጎት ያላቸው ሴት ናቸው። ከዚያ ፎቶዎቹን ከስልኬ አጠፋሁ፤ ስልክ ሲሞላ ይከብዳል።

ማክሰኞ፣ ሜይ 7

ዝናብ። ለዶሪን መቃብር አበባ ወሰድኩ። ሚስቴ ካረፈች ሁለተኛው ጸደይ ነው።

ዶሪን ብትኖር በዚያ ክፍል ጉዳይ አንቪል ሃውስን ታስጨንቀው ነበር። ሾርባው ቀዝቃዛ ከሆነ ትመልሰዋለች፤ እኔ ግን በልቼ አመሰግናለሁ። ናኦሚ መስከረም ላይ ስትገባ የመረከቢያውን ዝርዝር በስልኳ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ከአዲሶቹ ጓደኞቿ ጋር ፒዛ ፍለጋ ወጥታ ነበር። ፍራሹ ላይ እድፍ አለ፤ ጠረጴዛው በሲጋራ ተቃጥሏል፤ ከአልጋው አጠገብ ያለው ግድግዳ ሻይ ብጤ ፈስሶበታል፤ መደርደሪያው ይወዛወዛል። በእያንዳንዱ ፊት «ምንም አይልም» ብዬ ሞላሁ። ሰው ቤት በገባ በመጀመሪያው ቀን ማማረር ነውር ነው። ደግሞ ቀስ እያልኩ የማስተካክለው ነገር ነው ብዬ ነበር።

እሑድ፣ ሜይ 12

በበሩ ላይ ቆሜ የመዝሙር መጽሐፍ አደልኩ። ስብከቱ ስለ ትዕግሥት ነበር፤ ረዘመ።

ወይዘሮ ስታኒፎርዝ ሻይ ሲቀዱልኝ «እንዴት ነህ ዊልፍ?» አሉኝ።

«ምንም አይልም።»

«ጎሚኒውን አልጠየቅሁህም። አንተን ነው።»

ጥያቄው ስላልገባኝ ብስኩት ወሰድኩ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 18

ዛሬ ሥራ የሠራሁበት ቀን ነው! ናኦሚ ቤተ መጻሕፍት ነበረች፤ ቁልፉን ካሪስ ሰጠችኝ። ከጸሎት ቤታችን የተረፈውን የክሬም ቀለም ይዤ ሄጄ የግድግዳውን እድፍ ሸፈንኩት። ቀለሙ ከቀረው ግድግዳ ጋር ትንሽ አይመሳሰልም። ሆኖም ሞቅ ያለ ነው።

የቀለሙ ሽታ እንዲወጣ መስኮቱን ልከፍት ብል የመዳፍ ስፋት ሆኖ ቆመ። የሚይዘው አንድ ብረት ነው። በካቻቢቴ ፈታሁት። ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ንጹሕ አየር ገባ። በሩም እየተንደረደረ «ጓ!» እያለ ሲዘጋ ያስደነግጣል፤ ከላይ ያለውን ክንዱን አላላሁት። አሁን በትሕትና ይዘጋል። አንዳንዴ አይዘጋም።

የመስኮቱን ፎቶ ለወይዘሮ ስታኒፎርዝ ብልክላቸው «ጀግና!» ብለው መለሱ።

ስወጣ ናኦሚ ተመልሳ ከካሪስ ጋር ወጥ ቤት ነበረች። ኮሪደሩ ላይ ጫማዬን ሳስር የካሪስ ድምፅ ይሰማኛል፦ «አባትሽ ክፍልሽን ሲጨርሱ ሕንፃውን ይጀምሩታል።»

ሳቁ። ከዚያ ናኦሚ ዝቅ ባለ ድምፅ «ተይው ባክሽ። ሌላ ምን አለው?» አለች።

ስለ ግድግዳው ይመስለኛል። ልክ ናት፤ ከእድፉ በቀር ሌላ ምንም አልነበረበትም።

እሑድ፣ ጁን 2

ናኦሚ ምሳ ለመብላት መጣች። የሩባርብ ኬክ ገዝቼ ነበር፤ ሁለት ጊዜ በላች። ዜና አላት። ለሚመጣው ዓመት ከካሪስና ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ አሮጌ ቤት አግኝተዋል። የየድርሻቸውን መያዣ በኦገስት አጋማሽ መክፈል አለባቸው፤ ያልከፈለ ቦታውን ለሌላ ይለቃል።

«የአንቪል ሃውሱ መያዣዬ ሲመለስ እሱን እከፍላለሁ። የተቀረውን ከዳቦ ቤቱ ደሞዜ እሞላለሁ።»

«ካልተመለሰስ?»

«ለምን አይመለስም? ካልሆነማ ከዚህ ከባርንስሊ እየተመላለስኩ እማራለኋ!»

የማይሆን ነገር ስትናገር እንደምትስቀው ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

እንደሄደች ክፍሏን ከፈትኩ። የታፈነ ክፍል ጥሩ አይደለም፤ ለዚያ ብቻ ነው። አንሶላውንም ለወጥኩት።

ረቡዕ፣ ጁን 12

ከክሬሙ ቀለም ቆርቆሮ ጥቂት ተርፎ ነበር። እንዳይደርቅ ብዬ የናኦሚን ክፍል፣ የቤቱን ማለቴ ነው፣ ቀባሁት። ለወይዘሮ ስታኒፎርዝ ፎቶውን ላክሁ። ብዙ ቆይተው «ይህ ደግሞ ምኑ ተበላሽቶ ነው?» ሲሉ ጻፉ። ብሩሹን አጠብኩ። አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ዝናቡ ቆመ።

ቅዳሜ፣ ጁን 29

የመውጫ ቀን። ናኦሚ «አባዬ፣ ዕቃ ትሸከማለህ እንጂ አትናገርም» ብላ አስማለችኝ። ሳጥኖቹን መኪናው ውስጥ ስንከምር ክሪስፒን መጣ። የሕንፃው ኃላፊ ነው፤ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ፣ ትልቅ ስክሪን የታቀፈ ትሑት ጎልማሳ። ክፍሏን ዞሮ አየ። ግድግዳው ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ይህን ማን ቀባው?»

መሐላዬን ረሳሁ። «እኔ ነኝ!» አልኩ። ምስጋና የመሰለኝን ነገር ለመቀበል እጄን ሳይቀር ጠረግሁ።

ፎቶ አነሳ። መደርደሪያው ዘንድ ሄደ።

«እነዚህን ብሎኖችስ?»

«እኔው። ድሮ ይወዛወዝ ነበር። አሁን ሰው ቢቀመጥበት ይችላል።»

ፎቶ አነሳ። መስኮቱን ነካው፤ መስኮቱም እሺ ብሎ ወለል አለ። ክሪስፒን ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አቶ ኦክስሊ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እኮ ነን።»

«አየሩ ጥሩ ነው፣ አይደል?»

በሩን ሲያይማ ሁለት ፎቶ አነሳ። ናኦሚ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ነበር። ደክሟት ነው ብዬ ሻይ ልግዛልሽ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ከአንቪል ሃውስ መልስ መጣ። ከመያዣው አንድ ሳንቲም አይመለስም። ፍራሽ፣ ጠረጴዛ፣ ግድግዳ፣ መደርደሪያ፣ መስኮት፣ በር። ሲደመር ከሁለት መቶ ሃምሳ ፓውንዱ መያዣ ያልፋል፤ ትርፉን «በበጎ ፈቃድ» ትተውላታል። ከታች «ክፍሉ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ መረከቡን የሚያሳይ» ብለው የኔን ዝርዝር አያይዘዋል። ምንም አይልም። ምንም አይልም። ምንም አይልም።

ናኦሚ በስልክ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጁላይ 10

ልጆቹ ለክረምት ሥራ የተከራዩት ቤት ሄድኩ። ሳጥኑን አልያዝኩም። ካሪስ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ፍራሹንም ነው ‹ምንም አይልም› ያሉት?»

«መጥፎ አልነበረም።»

«አቶ ኦክስሊ! ፍራሹ ላይ የዌልስ ካርታ ነበረበት እኮ። ከነደሴቱ! እኔ የተወለድኩበትን ሰፈር አሳይቼያታለሁ!»

ናኦሚ ሳትወድ ሳቀች። እኔ በዚህ መሃል «በቃ፣ የሰጠነውን ሰጥተናል» አልኩ።

«ማለት?» አለች ካሪስ።

እንደ እሑድ መባ መስሎኝ እንደነበር ነገርኳቸው። ሰው ሳህኑ ላይ አንዴ ካስቀመጠ በኋላ እጁን መልሶ አይከትም። ካሪስ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ እንደ ሕፃን ልታስረዳኝ።

«ስሙኝ። መያዣ መባ አይደለም። ኪራይም አይደለም። የናኦሚ ገንዘብ ነው። እነሱ ኪስ ውስጥ እንኳ የለም፤ ሕጉ ከሦስተኛ ወገን ዘንድ አስቀምጡት ስለሚል እዚያ ተቀምጧል። መውሰድ የፈለገ ጥፋቱን ያስረዳል። ካልተስማማን ዳኛ አለ፤ በነጻ ነው፤ ስንገባ ምን ይመስል ነበር፣ ስንወጣ ምን ይመስላል፣ ይህን ብቻ ነው የሚያየው። በመኖር ብቻ ያረጀን ነገር ማንም አያስከፍልም።»

«እንግዲያው አስረዱ።»

«በምን? ስትገባ የነበረውን የሚያሳይ አንድ ፎቶ የለንም። ያለን የርስዎ ‹ምንም አይልም› ነው።»

ናኦሚ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ መስከረም ላይ ፎቶ ታነሳ ነበር አይደል?»

«አጥፍቼዋለሁ። ስልክ ይከብዳል» አልኩ።

እውነት ነው። አጥፍቼዋለሁ።

ያው ቀን፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ከስልኬ አጥፍቻለሁ። የወይዘሮ ስታኒፎርዝን ስልክ ማንም አልጠየቀኝም።

ደግሞ ልጆች ከኪሳራ ይማራሉ። ደግሞ ከባርንስሊ ሼፊልድ በባቡር ቅርብ ነው፤ ጠዋት ቁርስ በልታ ትሄዳለች፣ ማታ ትመጣለች፣ እኔ እራት አዘጋጃለሁ፤ የተፈጨ ሥጋ በድንች መሥራት ተምሬያለሁ። ክፍሏም ታድሷል። ለእሷው ነው የማስበው።

ላበድራት እችል ነበር። ባንክ ያለው ግን ለጣሪያው ጥገና ነው።

ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ ልጄን ከሚበጃት ስፍራ አኑራት አልኩ። «ከሚበጃት» ላይ ስደርስ ቆምኩ። ወደ ጣሪያው አየሁ። ጌታ ሆይ፣ ጣሪያው አያፈስም። አንተም ታውቃለህ።

እሑድ፣ ጁላይ 14

ከጸሎት በኋላ ኩባያ ላጥብ ወጥ ቤት ገባሁ። ወይዘሮ ስታኒፎርዝ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት።

«ናኦሚ እንዴት ናት?»

ነገርኳቸው። ሁሉንም ሳይሆን፣ መያዣው እንደቀረባትና ቤቱን እንደምታጣ።

«ፎቶዎቹስ?»

«አጠፋኋቸው።»

«አንተ አጠፋሃቸው። እኔ አላጠፋሁም።» ስልካቸውን ከሽርጣቸው ኪስ አወጡ። ሁሉም አለ። የመጀመሪያው ቀን ፍራሽ፣ የተቃጠለው ጠረጴዛ፣ እድፉ፣ የተንጋደደው መደርደሪያ፤ ከየቀኑ ጋር። ለብቻው አስቀምጠውታል፤ በላዩ ላይ «ዊልፍ» ተብሎ ተጽፏል። ስልካቸው አልከበደም።

«ይህ ለዳኛው ቢላክ እኮ ልጅቷ ቤቱን አታጣም» አሉ።

«ቤትማ አላት።»

«የማን ቤት?»

ኩባያውን አጠብኩ። የታጠበ ኩባያ ነበር።

«ዊልፍ፣ ያን ክፍል ለምን ቀባኸው?»

«ቀለሙ እንዳይደርቅ።»

ትኩር ብለው አዩኝ። ዶሪንም ሾርባ ስትመልስ እንደዚያ ነበር አስተናጋጁን የምታየው። ከዚያ «ቤቱ ጭር ይላል አይደል?» አሉኝ፤ እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «አዎን፣ በጣም ነው የሚለው፣ ወይዘሮ ስታኒፎርዝ» አልኳቸው። ሁለት ዓመት ያህል ሰዉ ሁሉ ሲጠይቀኝ ምንም አይልም ስል ኖሬ።

ፎጣውን አቀበሉኝ። «ሌላው ደግሞ፣ ማቪስ እባላለሁ። ‹እርስዎ› የምትለኝን ተው፤ ዕድሜዬን ትጨምርብኛለህ። ስማ፣ የመስኮቱን ስትልክልኝ ‹ጀግና› ያልኩህ እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥፋቱ የሁለታችን ነው፤ ልጅቷ አትከፍልበትም።»

ከዚያው ከወጥ ቤቱ ለናኦሚ ደወልኩ። ማቪስ ኩባያውን ደግማ አደረቀችው።

ሰኞ፣ ጁላይ 15

ለዳኛው የሚላከውን ለመጻፍ ናኦሚ፣ ካሪስና እኔ ተቀመጥን። መጀመሪያ ለናኦሚ «ድርሻሽን እኔ ልክፈልልሽ፤ ጣሪያው አይፈልገውም» አልኳት።

«ያንተን አልፈልግም አባዬ። የራሴን ነው የምፈልገው።» ከዚያ ደግሞ «ከመቼ ጀምሮ ነው ጣሪያው የማይፈልገው?» አለች።

መለስኩላት። ክፍሉን እንደቀባሁም፣ ለምን እንደቀባሁም። ጠረጴዛውን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችና «የክሬሙን ቀለም ነው?» አለች።

«እሱን።»

«አባዬ፣ እሱ ቀለም ያስጠላል እኮ።»

ካሪስ ሳቋን ልትይዝ ፊቷን አዞረች። ናኦሚ እጄን ያዘችኝ፤ አልለቀቀችም፤ ስለዚህ በግራዬ ጻፍኩ፤ ጽሑፉ የተንጋደደው ለዚህ ነው።

ስለ ፍራሹ፣ ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ እድፉ ጻፍን። መስኮቱ ዘንድ ስደርስ ካሪስ ብዕሩን ያዘችብኝ።

«መስኮቱን ይዝለሉት።»

«በመስኮት እንዳይዘለል ብለው እኮ ነው ብረቱን ያደረጉት።»

«አቶ ኦክስሊ፣ ቀልድ አይደለም። ራስዎ ካመኑ ያስከፍሉዎታል።»

«ያስከፍሉኝ። ፈትቼዋለሁ። በሩንም አላልቼዋለሁ። ለእሳት የተደረገ በር መሆኑን አላወቅሁም፤ አሁን አውቄያለሁ፤ ያስደነግጠኛል። ስለ ፍራሹ እንዲያምኑኝ ስለ መስኮቱ እውነቱን ልንገራቸው።»

ናኦሚ «ተይው፣ ይጻፍ» አለች። በሜይ ወጥ ቤት ውስጥ ያለችውን «ተይው» አይመስልም ነበር።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 30

ምንም የለም። ፖስታ ሳጥኔን አየሁ፤ የሚመጣው በናኦሚ ስልክ መሆኑን እያወቅሁ። የአትክልቱን አጥር ጠገንኩ። ያልተሰበረውን ወገን።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 13

ከዳቦ ቤቱ ደወለች። «አባዬ፣ ተቀመጥ።» ቆሜ ነበር፤ ቆሜ ቀረሁ።

የዳኛዋን ቃል አነበበችልኝ፤ በኋላ አስደግሜ ጻፍኩት፦ «የተከራይዋ አባት በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ‹ምንም አይልም› ሲሉ ሞልተዋል። አከራዩ ይህን ‹ፍጹም ጤነኛ› ሲል ተርጉሞታል። በዚህ አካባቢ አነጋገር ግን ‹ምንም አይልም› ማለት ተናጋሪው ማማረር አልፈለገም ማለት እንጂ ዕቃው ደኅና ነው ማለት አይደለም። ከገቡበት ቀን የተነሱት ፎቶዎችም ይህንኑ ያረጋግጣሉ።»

ከኋላ ካሪስ «ዳኛዋ የባርንስሊ ሰው ናት! እምላለሁ የባርንስሊ ሰው ናት!» እያለች ትጮኻለች።

ፍራሹ፣ ጠረጴዛው፣ መደርደሪያውና ግድግዳው ቀርቶላታል። አንዳንዱ ድሮም የነበረ ነው፤ አንዳንዱ «በመኖር የመጣ እርጅና» ነው፤ ለዚያ ሰው አይከፍልም። ይህን ቃል ወደድኩት። ጉልበቴን ሳይ ደግሞ ይበልጥ ወደድኩት። መስኮቱና በሩ ግን አርባ አምስት ፓውንድ ያስከፍላሉ፤ ተገቢ ነው። አርባ አምስቱን ዛሬውኑ ለናኦሚ ላክሁላት፤ ይህን ግን አልመለሰችውም። የተቀረው በጊዜው ይደርስላታል። ቤቱን አገኘች።

አመሰገንኩ፤ ከልቤ ነው። ከዚያ ክፍሏ ገብቼ አልጋው ላይ ትንሽ ቁጭ አልኩ። ቀለሙ በእርግጥ ያስጠላል።

እሑድ፣ ኦገስት 18

ናኦሚ ጸሎት ቤት አብራኝ መጣች፤ ከፋሲካ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ለአዲሱ ቤት ዋስ እንድሆንላት ወረቀቱን ይዛ ነበር። ዋስ ማለት ልጄ ባትከፍል እኔ እከፍላለሁ ማለት ነው። መነጽሬን አድርጌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩ፤ ከመዝሙሩ ይረዝማል። የሚከራዩት አብረው ስለሆነ ዋስነቴ የሷን ድርሻ ብቻ ነው ወይስ የሁሉንም ብዬ ጠየቅሁ።

«የኔን ብቻ። ተመልከት፣ አስጽፌዋለሁ።» ናኦሚ ደስ አላት። «ደግሞ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ሳጥኑ ባርንስሊ ይቀራል።»

«መዶሻዋ ብቻ ትምጣ?»

«አባዬ።»

ፈረምኩ።

መጽሐፎቹን ስሰበስብ ናኦሚና ማቪስ ጥጉ ላይ ሆነው ይንሾካሾኩ ነበር። ማቪስ «ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ?» ስትል ሰማሁ። ናኦሚ «ወደ ግራ። ግን በጣም አትፍቺው፤ ወጥ ቤትሽ ይጥለቀለቃል» አለች። ስቀርብ ሁለቱም ስለ ማርማላታ ጠርሙስ ክዳን ማውራት ጀመሩ። የማርማላታ ጠርሙስ ወጥ ቤት ሲያጥለቀልቅ አላየሁም፤ ግን የሴቶች ጉዳይ ነው ብዬ አለፍኩ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 1

ልጆቹ ገቡ። አሮጌ ቤት ነው፤ ምን የማይሠራ ነገር አለ! እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። የመረከቢያውን ዝርዝር ናኦሚ ያዘች፣ እኔ ተናገርኩ። ምንጣፉ ተቀዷል። የማሞቂያው ቁልፍ አይዞርም። የመታጠቢያው ግድግዳ ረጥቧል፤ እርጥበቱም የቆየ ነው። ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ። ከዚያ ወደ ደረጃው ሄድኩ።

ካሪስ «አቶ ኦክስሊ፣ ስለ ደረጃው ያሉት ብቻ ሁለት ገጽ ሞላ» አለች።

«ገና ላይኛው ደረጃ አልደረስኩም።»

«እናቴን መሰለ» አለች ናኦሚ። እኔም እንደዚያው መሰለኝ፤ ደስ አለኝ።

ፎቶዎቹን አላጠፋሁም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 5

ማቪስ ደወለች። የወጥ ቤቷ ቧንቧ ማታውን ጠብ ጠብ ሲል አድሯል፤ ብችል እንድመጣ ጠየቀች። ሳጥኔን ይዤ ሄድኩ። ሸሚዝ ቀየርኩ፤ ያኛው ቁልፉ ጎድሎ ነበር።

ቧንቧው እውነትም ይንጠባጠባል። ፈትቼ አየሁት። ጎሚኒው አዲስ ነው፤ ምንም አልሆነም። የላላው ከላይ ነው፤ ብረቱ ላይ የፒንሳ ጥርስ ምልክት አለ፤ ያልለመደ እጅ የያዘው ፒንሳ፤ ወደ ግራ የተዞረ።

ማቪስ ከኋላዬ ቆማ «ክፉ ነው እንዴ?» አለች። ፎጣውን እንደ መዝሙር መጽሐፍ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ምንም አይልም» ልል አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

«ብዙ ሥራ አለበት» አልኳት። «ማክሰኞም መጥቼ ማየት ሳይኖርብኝ አይቀርም።»

«እንደዚያ ከሆነማ እራት ይኖራል» አለች።

እንደ ልማዴ ፎቶ ላነሳ ስልኬን አወጣሁ። የምልክላት ሰው ግን አጠገቤ ቆማለች። መልሼ ኪሴ ከተትኩት።